ኦሬንጅ ከሬንጅ ጋር ቤት ይመታል

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ልጄ ወረቀት ይዛ መጣች። ሁለተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ ግጥም ነው። የምትወዱትን ቀለም ምረጡ፣ አራት መስመር ጻፉ፣ ቤት ይምታ። የሷ ምርጫ ብርቱካናማ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቤታችን ውስጥ ያለ ብርቱካናማ ነገር ቢኖር የኔ የሥራ ሰደርያ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ግን ኦርንጅ ራይም የለውም። ቲቸር ብላለች።»

«እንዴት አይኖረውም?» አልኩ፤ አንድ እግሬ ገና ጫማ ውስጥ ነው። «ኦሬንጅ፣ ቼንጅ፣ ስትሬንጅ። ሬንጅስ ምን አለው?»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተዘርራ ሳቀች። አፏን እንደኔ አድርጋ «ኦ-ሬንጅ! ኦ-ሬንጅ!» እያለች ትደጋግማለች። እናቷ ከኩሽና ወጥታ ምን ሆናችሁ አለች። ነገርኳት። «ታዲያ ኦሬንጅ አይደል እንዴ?» አለች። ሁለት ለአንድ። ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ሬንጅ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መንገድ ሲሠራ የሚፈሰው ጥቁሩ ነገር ነው አልኳት። «እሱማ አማርኛ ነው፤ አይቆጠርም» አለች።

እሷ ከተኛች በኋላ ነገሩ አላስተኛ አለኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን «ኦሬንጅ» ቤት የማይመታ ቃል ነው የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ለካ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዘንድ የታወቀ እንቆቅልሽ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ደግሞ እውነት አላቸው፤ ግን በነሱ አፍና በነሱ ጆሮ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ከራሳችን ልጀምር። አማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ ነው። የመጨረሻው ፊደል ተገናኝቶ ከፊቱ ያለው ድምፅ ከተባበረ በቃ፣ ቤቱ መታ። ግሣችን ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ሥራው ግማሽ በግማሽ ያለቀ ነው። «ብርቱካን» ለኛ ገጣሚ ችግር አይደለም፤ «ነካን» አለ፣ «ለካን» አለ፣ «መካን» አለ። እዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ በሁለት ደቂቃ አንድ ጻፍኩ፦

ከገበያ መጥታ አንዲቷ ብርቱካን፣
ልጣጯን ስንገፍፍ መዐዛዋ ነካን።

ተራ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቤት መትቷል።

እንግሊዝኛ ጆሮ እንዲህ አይሰማም። እያንዳንዱ ቃል ውስጥ ጫን ተብሎ የሚነገር አንድ ቦታ አለ። ጆሯቸው መስማት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከተጫነው አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ መጨረሻ ያለው ሁሉ አንድ ካልሆነ ቤት መታ አይሉም። «ኦሬንጅ» ላይ ጫን የሚባለው የመጀመሪያዋ «ኦ» ናት። ስለዚህ ቤት የሚመታለት ቃል ከ«ኦ» ጀምሮ መላውን መምሰል አለበት። እኔ ደግሞ ጫናውን አንስቼ «ሬንጅ» ላይ አስቀመጥኩት። ልጄን ያሳቃት ይኼ ነው። ቃሉን ወስጄ ሌላ ቃል አደረግሁባት።

በነሱ ሕግ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ነገር ፍለጋ የወጡ ሰዎች ያገኙት ዌልስ ውስጥ አበርጋቬኒ ከተማ አጠገብ ያለ «ብሎረንጅ» የሚባል ኮረብታ ነው። ለሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራ የዌልስ ኮረብታ መጥራት ይከብዳል።

በነገራችን ላይ የቃሉ የራሱ ጉዞ ደስ ይላል። ከሳንስክሪት ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ «ናራንጅ» ሆኖ፣ ከዚያ በስፔንና በፈረንሳይ በኩል ሲያልፍ የፊቱን «ን» መንገድ ላይ ጥሎ እንግሊዝ ደረሰ። ጣፋጩን ብርቱካን በኋላ ያዛመቱት ፖርቱጋሎች ናቸው። ስለዚህ ዐረቡ «ቡርቱቃል» አለው፣ ቱርኩ «ፖርታካል»፣ እኛ ደግሞ «ብርቱካን»። እኛ የአገር ስም እየላጥን ነው የምንበላው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲን ወደ ሰሜን ወጣ ስትሉ የምትገኘዋ፣ እንጀራ ከዳቦ ይልቅ ቅርብ የሆነባት የሜሪላንድ ከተማ። ያን ማታ ስጎረጉር «ሲልቨር»ም ከነዚሁ ቤት የለሽ ቃላት አንዱ መሆኑን አወቅሁ። ስንት ዓመት አድራሻዬ ላይ ስጽፈው ኖሬ! ቤት ይመታለታል የሚባለው «ቺልቨር» ነው አሉ፤ የሴት ጠቦት በግ ማለት ነው። የሚያውቀው አሜሪካዊ ግን አላገኘሁም። ለኔ ግን «ሲልቨር»፣ «ሪቨር»፣ «ኔቨር» ሁሉም በ«ቨር» ያልቃሉ፤ በአማርኛ ጆሮ አንድ ቤት ናቸው። አማርኛውማ ጭራሽ ሀብታም ነው፤ ብር፣ ክብር፣ ግብር፣ መቃብር። የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ታሪክ እዚያው አለ።

የከተማዋ ስም አመጣጥም የአባትና የልጅ ወሬ ነው። በ1840 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል የዋሽንግተን ጋዜጠኛ ከልጁ ከኤሊዛቤት ጋር በፈረስ ሲዘዋወር አንዲት ምንጭ አገኘ ይባላል። ውኃዋ ውስጥ ሚካ የሚባለው ማዕድን ብናኝ ያብለጨልጭ ስለነበር ብር መሰለቻቸው። ኤሊዛቤት ያኔ አባቷን በአነጋገሩ ትስቅበት እንደሆነ የጻፈ የለም።

«ፐርፕል»ም አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ስኮትላንዶች «ኸርፕል» የሚል ቃል አላቸው፣ ማነከስ ማለት ነው። እሱን እንለፈው።

የወደድኩት «መንዝ»ን ነው። ወር ማለቴ ነው፣ የእንግሊዝኛውን። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለችው ይቺ አጭር ቃል፣ በየቀኑ የምትነገረው፣ ቤት የሚመታላት አንድም የተለመደ ቃል የላትም። መጨረሻዋ ላይ ያለው ምላስን በጥርስ መሃል አውጥቶ የሚባለው ድምፅ እኛ ጋ ስለሌለ «ዝ» ወይም «ስ» እናደርገዋለን። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ውስጥ «ላስት መንዝ» ስል አንዱ ሐበሻ ጓደኛዬ «ባለፈው መንዝ ሄደህ ነበር?» ብሎ ያሾፍብኝ ነበር። ለነሱ ቤት የለሽ የሆነችው ቃል ለኔ ቤቴ ናት፤ ያውም የተወለድኩበት።

ግን እነሱም ያንን ድምፅ ሁልጊዜ በደንብ ይሉታል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ለንደን ውስጥ «ስሪ» የምንለውን ቁጥር «ፍሪ» የሚሉ ሞልተዋል። ልብስ የሚለውን ቃል ደግሞ እኔ አስተማሪዬ እንዳለችኝ ምላሴን አውጥቼ፣ መልሼ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ድረስ ለመጥራት ስታገል ኖሬ አንድ ቀን አሜሪካኖቹ በቀላሉ «ክሎዝ» ብለው እንደሚያልፉት ሰማሁ። «ዝጋ» የሚለውን እንደሚሉት ማለት ነው። ተናድጄ ነበር።

አፍ ይለያያል የምለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካን የሚያክል አገር አንድ እንግሊዝኛ የለውም። ያው «ኦሬንጅ» እንኳ አንዱ በሁለት ክፍል «ኦ-ሪንጅ» ይለዋል፣ ሌላው እንደ ልጄ ጨፍልቆ «ኦርንጅ»፣ ኒውዮርክና ኒውጀርሲ ውስጥ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው «ኣ-ሪንጅ» የሚሉ አሉ። በ2010 ራፐሩ ኤሚነም 60 ሚኒትስ ለሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ይኼን «ኦሬንጅ ቤት አይመታም» የሚባል ነገር እንደማይወደው ተናገረና እዚያው ቁጭ ብሎ «ፎር ኢንች»፣ «ዶር ሂንጅ»፣ «ስቶሬጅ»፣ «ፖሪጅ»፣ «ጆርጅ» እያለ ደረደራቸው። የተከፈለውን ሁለት ቃል እንደ አንድ እያደረገ፣ የሚጫነውን እየጫነ፣ የሚዋጠውን እየዋጠ። «ዶር ሂንጅ» የበር ማጠፊያ ነው። ዲትሮይት ባደገ ሰው አፍ ልክክ ብሎ ይገጥማል። «ኣሪንጅ» የሚለው ኒውዮርካዊ ግን ያንኑ ልሞክር ቢል በሩ አይዘጋለትም።

ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ ከአላባማ የመጣ ባልደረባ ነበረኝ። ፓርኪንግ ነው የምንሠራው፣ እሱ ታች እኔ ላይ። አንድ ቀን መኪና ተሰልፎ ደንበኛ እየተነጫነጨ እያለ ሮጦ መጣና «ፒን! ፒን አለህ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ የያዘውን መርፌ ቁልፍ ፈትቼ ሰጠሁት። አየው። እኔን አየኝ። እንደገና መርፌ ቁልፉን አየው። «ኖ፣ ማን! ኢንክ ፒን!» ብሎ ጮኸ። እስክሪብቶ ፈልጎ ነው። ደቡቦቹ «ፔን» እና «ፒን»ን አንድ አድርገው ነው የሚሉት። ስለዚህም ነው ቀለም ያለውን ለመለየት «ኢንክ» የሚጨምሩበት። ባጄ እጄ ላይ ቀርቶ አመሻሹን በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

እሱ ሰውዬ ግጥም ቢጽፍ «ፔን»ን ከ«ዊን» ጋር ቤት ያስመታታል፤ ማንም ስህተት ነህ ሊለው አይችልም፤ እናቱ እንደዚያ ነው ያስተማረችው። ወደ ምዕራቡ ብትሄዱ ደግሞ «ዶን» የሚባል ወንድና «ዶውን» የምትባል ሴት አንድ ቢሮ ውስጥ ካሉ ማን እንደተጠራ የማይታወቅበት አገር አለ፤ ሁለቱን ስም አንድ አድርገው ነው የሚጠሯቸው። እንግሊዞች «ሃቭ ቢን» ሲባል ያለውን «ቢን» እንደ ባቄላው «ቢን» ረዘም አድርገው ሲሉት አሜሪካኑ እንደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው «ቢን» ያሳጥረዋል። ለኛ ለሁለቱም «ቢን» ነው፤ ባቄላም ሆነ ቆሻሻ።

ደግሞ የኤቢሲዲ መዝሙር አለ። እኛ አገር ቤት ስንማር የመጨረሻዋ ፊደል «ዜድ» ነበረች፤ የእንግሊዞቹን ይዘን። መዝሙሩን ግን እንዘምር ነበር። መጨረሻው ላይ «ሚ» የሚል ስለሚመጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማኝ ነበር፤ ደረጃ ስትወርዱ አንድ እርከን ያለ መስሏችሁ መሬት እንደምታገኙት ዓይነት። ልጄ «ዚ» ብላ ስትዘምር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የመታው። ከሰላሳ ዓመት በኋላ።

ያን ሌሊት ስልኬ ላይ ቤት የሚመታ ቃል የሚፈልግ ድረ ገጽ ከፈትኩ። «ኦሬንጅ»ን አስገባሁ። ለኔ የሚሆን ነገር አልሰጠኝም። የዚህ ዓይነት ብዙ ፕሮግራሞች ከጀርባቸው የሚጠቀሙት ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በነጻ የለቀቀው የአነባበብ መዝገበ ቃላት ነው። ከ134,000 በላይ ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱ ቃል በ39 ድምፆች ተሰንጥቆ፣ የትኛው አናባቢ ጫን እንደሚባል ሳይቀር በቁጥር ተመልክቶበት ነው የተቀመጠው። በጣም የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ግን የሰሜን አሜሪካ አነጋገር ነው። የአላባማው ባልደረባዬ የለበትም። እኔም የለሁበትም። ማሽኑ «ቤት የለውም» ሲል የዚያን አንድ አፍ ነው የሚናገረው፤ እኛ ግን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንሰማዋለን።

ደግሞ የዛሬው አነጋገር ዛሬ የተፈጠረ ነው። ሼክስፒር በ1609 በታተሙት፣ ሶኔት በሚባሉት አጫጭር ግጥሞቹ ውስጥ «ላቭ»ን ከ«ፕሩቭ» ጋር ቤት ያስመታል። ዛሬ ሲነበብ አይገጥምም። ተማሪ ሳለሁ «ታላቁ ገጣሚ እንዲህ ሲያደርግ ዝም ይባላል፣ እኔ ሳደርግ ቀይ እስክሪብቶ» ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በሱ ዘመን ሁለቱ ቃላት ይቀራረቡ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ከ1400 እስከ 1700 ባሉት ዓመታት ውስጥ ቦታቸውን ሲለዋወጡ፣ ከዚያም በኋላ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲሄድ፣ አጻጻፉ ባለበት ቀረ። በ2004 ለንደን ያለው ግሎብ ቲያትር ዴቪድ ክሪስታል የሚባለውን የቋንቋ ሊቅ አማካሪ አድርጎ አንድ የሼክስፒር ቴአትር በዚያ ዘመን አነጋገር አቅርቧል። እንደዚያ ሲነበብ የጠፉ ቤቶች ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ቤቱ አልፈረሰም ነበር፤ ሰዎቹ ናቸው ለቀው የወጡት።

እኛስ? እኛ በፊደላችን እንኮራለን። «እንደሚጻፈው ይነበባል» እንላለን። ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስተምር ይኼንን ነበር ስፎክርላት የነበረው፤ የናንተ ፊደል ይዋሻል፣ የኛ አይዋሽም። እሺ ብላ አንድ ቀን «ዋናው በር» የሚለውን አነበበች። «ና»ን አላልታ፣ እንደ ውኃ ዋና። በሩ የሚዋኝ ሆነ። አረምኳት። «የት ነው የተጻፈው መጥበቁ?» አለች። የትም አልተጻፈም። «ገና» ስትል በዓሉ ይጠብቃል፣ ያልደረሰው ይላላል፤ «አለ» ስትል የተናገረው ይላላል፣ ያለው ይጠብቃል። ፊደሉ አንድ ነው። «ሶ ዩርስ ላይስ ቱ» አለችኝ፤ የናንተም ይዋሻል ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ፉከራውን ቀንሻለሁ።

ማሳቁም ቢሆን ለኔ የመጀመሪያ አይደለም። እናቴ እስከ ዛሬ «ከ» ማለት አይሆንላትም፤ «ኸ» ነው የምትለው። ኸቤት፣ ኸገበያ፣ ኸየት መጣህ። እኔም እንደሷ ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ መጥቼ ትምህርት ቤት ስገባ በመጀመሪያው ቀን ተነስተህ ራስህን አስተዋውቅ ተባልኩ። «ኸመንዝ ነው የመጣሁ» አልኩ። ክፍሉ ተናወጠ። የሳቃቸው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። በሁለት ወር ውስጥ «ኸ»ን ጨርሼ አጠፋኋት፤ ማታ ማታ አልጋ ውስጥ ሆኜ «ከ፣ ከ፣ ከ» እያልኩ ተለማምጄ። ለክረምት ቤት ስመለስ ደግሞ እናቴ «አፍህን ምን አደረጉብህ?» አለችኝ።

ስለዚህ ልጄ ስትስቅ አልከፋኝም። ማለቴ ትንሽ ከፋኝ። ግን የሷ ሳቅ የክፍሉን ሳቅ አይመስልም፤ ጭኔ ላይ ተኝታ ነው የምትስቀው።

ረቡዕ ማታ ግጥሙን ጨረስን። እኔ ቀለም ቀይሪ ብዬ ነበር፤ ግሪን ውሰጂ፣ ስንት ቃል አለው። እምቢ አለች። አራቱንም መስመር እሷው ናት የጻፈችው። የአባቷ ሰደርያ ኦሬንጅ ነው፣ መኪና ሲመጣ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ቼንጅ አለ፣ እንግሊዝኛው ስትሬንጅ ነው፣ ምናምን የሚል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «እንደ አባቴ ሲነበብ» የሚል በእንግሊዝኛ ጨመረችበት። አስተማሪዋ ምን ትበል ምን ገና አልመለሰችላቸውም።

እሑድ ለእናቴ ስንደውል አያቷ ትስማልኝ አለች። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ግን የልጅ ልጅ ስታነብ ጸጥ ብላ ትሰማለች፣ ወንጌል እንደሚሰማ። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ አራቱንም በኔ አፍ አነበበችላት፤ ኦ-ሬንጅ፣ ቼንጅ፣ ስት-ሬንጅ።

መስመሩ ትንሽ ዝም አለ። የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሬንጅ ነው ያለችው?» አለች እናቴ። «እኛም ጋ እኮ ጀምረዋል። ኸድልድዩ ደርሷል።»